ነጭ ሁሉ ወተት አይደለም፦ የዕፅዋት ወተቶችን ከግመልና ከላም ወተት ጋር ስናነጻጽር

ባለፈው ደረቅ ወቅት አንድ የግመል ነጋዴ ሞያሌ ላይ ሻይ እየጠጣን ያጫወተኝን ላስቀድም። ከአንድ ቤተሰብ ሁለት የሚታለቡ ግመሎች ገዝቶ ወደ ገበያ ነዳ። በሳምንቱ ለሌላ ግዢ ወደዚያው መንደር ሲመለስ ሻጩ አባወራ ከግመሎቹ ዋጋ ላይ ቆንጥረው ለልጆቻቸው የካርቶን ወተት ገዝተው አገኛቸው። ካርቶኑ ላይ ወተት የሞላ ብርጭቆ ተስሏል። ነጋዴው ዐረብኛ ያነባልና ጠጋ ብሎ ጽሑፉን አየ። የሩዝ ወተት ነበር።

«አባቴ፣ ይህ እኮ የሩዝ ውሃ ነው» አላቸው።

«ባለሱቁ ወተት ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ ልጄ። ነጭ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ልጆቹም ወደውታል» አሉት።

ባለሱቁ ዋሽቷል ማለት ያስቸግራል፤ ካርቶኑም ወተት ይላል። አባወራውም አልተሳሳቱም፤ ወተት ፈለጉ፣ ወተት የሚል ገዙ። ነገር ግን ግመሎቹ ቤት ሳሉ ልጆቹ ያገኙት የነበረውና አሁን ከካርቶኑ የሚያገኙት ፈጽሞ የተለያየ ነገር ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ልዩነት ነው። ለእንስሳት ነጋዴ ምን አገባው የሚል ካለ፣ ብዙዎቻችን ግመልና በግ አስወጥተን በመልሱ ሩዝ፣ ስኳር፣ ፓስታና የካርቶን ወተት እንደምናስገባ ያስታውስ። ሸቀጡን የምናመጣው እኛው ነን።

ከምን ይሠራሉ?

የዕፅዋት ወተት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን በጾም ወራት ሱፍ አፍልተው፣ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ አጥልለው የሚያቀርቡት ነጭ መጠጥ የዕፅዋት ወተት ነው። በሞምባሳና በላሙ የባሕር ዳርቻ ከተፈቀፈቀ ኮኮናት የሚጨመቀው «ቱዊ»ም እንዲሁ ነው፤ እሱ ግን ለወጥና ለሩዝ ማብሰያ እንጂ በብርጭቆ የሚጠጣ አይደለም። ፋብሪካ የሚያደርገው ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ፍሬውን ዘፍዝፎ ይፈጫል፣ በውሃ ያቀጥናል፣ ያጠላል፣ በሙቀት ጀርም ገድሎ ያሽጋል።

የአኩሪ አተር ወተት በደንብ መፍላት አለበት፤ ጥሬው አኩሪ አተር ሆድ ፕሮቲንን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው ነው። የአጃ ወተት የሚሠራበት ዘዴ ደግሞ በስዊድን አገር ሉንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተገኘ ነው። አጃው ኢንዛይም ሲገባበት ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል። ስለዚህ «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚል የአጃ ወተት ቢጣፍጣችሁ አትገረሙ፤ ስኳሩ ከራሱ ከአጃው የወጣ ነው።

አንድ የቋንቋ ነገር እዚህ ላይ ላንሳ፤ ሰው ሲሳሳትበት አይቻለሁ። በእኛ ገበያ ለውዝ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ኦቾሎኒን ነው። ከጅቡቲ ወይም ከዱባይ በመጣ ካርቶን ላይ በዐረብኛ «ሐሊብ ለውዝ» ተብሎ ከተጻፈ ግን አልሞንድ ማለት ነው። ዋጋውም ምግብነቱም ሌላ ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ደንበኛ ቢጠይቃችሁ ልዩነቱን አውቃችሁ መልሱ።

ብርጭቆው ውስጥ ምን አለ?

የላም ወተት በሊትር 33 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የግመል ወተት 30 ግራም አካባቢ ነው፤ እንደ ወቅቱና እንደ መኖው ከፍ ዝቅ ይላል። ከዕፅዋት ወተቶች ከእነዚህ ጎን የሚቆመው በዋናነት አኩሪ አተር ነው፤ እሱም ወደ 30 ግራም ይጠጋል። አጃ 10 ግራም ያህል፣ አልሞንድ 5 ግራም ያህል፣ ሩዝ ደግሞ 3 ግራም ያህል ነው። ከብራንድ ብራንድ ጥቂት ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

በነጋዴ ሒሳብ እንየው። አንድ ሊትር የላም ወተት የሚሰጠውን ፕሮቲን ለማግኘት 1 ሊትር ከ100 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት ይበቃል። አጃ ከሆነ 3 ሊትር ከ300 ያስፈልጋል። አልሞንድ 6 ሊትር ከ600። ሩዝ 11 ሊትር። እኒያ አባወራ ግመላቸው በቀን ትሰጥ የነበረውን አራት አምስት ሊትር ፕሮቲን በሩዝ ወተት ሊተኩ ቢፈልጉ በየቀኑ ከ40 ሊትር በላይ መግዛት ነበረባቸው። የግመሎቹ ዋጋ ስንት ሳምንት እንደሚያዘልቃቸው እናንተ አስሉት።

ጉልበት ሰጪነቱም እንዲሁ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ያልተገፈፈ የላም ወተት 60 ካሎሪ አካባቢ አለው፤ ያልጣፈጠ የአልሞንድ ወተት 15 ካሎሪ ያህል ብቻ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው አልሞንድን የሚመርጠው ለዚህ ነው። በድርቅ የከሳ ልጅ ግን ክብደት መቀነስ አይፈልግም።

ካልሲየምና ቫይታሚኖች ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው። የእንስሳ ወተት ካልሲየም፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ሌሎችንም ይዞ ይወለዳል ማለት ይቻላል። የዕፅዋት ወተት ቢ12 ከራሱ የለውም፤ ካልሲየሙም ጥቂት ነው። ፋብሪካው ከጨመረበት ግን ካልሲየሙ ከላም ወተት ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። የተጨመረው ካልሲየም እንደ ደለል ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ካርቶኑን ሳይነቀንቁ መቅዳት ጥቅሙን ከታች ማስቀረት ነው። ቤት የሚሠራው የሱፍ ወተት ጥሩ ቅባት አለው፤ ቢ12 ግን የለውም፣ በካልሲየምም ወተትን አይተካም።

የግመል ወተት ከሁሉም የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ሲ። ከላም ወተት ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። አትክልትና ፍራፍሬ በማይደርስበት ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአርብቶ አደሩ ልጅ ብርቱካንም ጎመንም ሳያይ ድዱ ሳይደማ የሚያድገው ከዚህ የተነሳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለእንስሳው ወገን ብቻ እንዳላዳላ የሚከተለውንም ልናገር። ጥሬ የግመል ወተት ብሩሴሎሲስን ጨምሮ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በጀሪካን ታጭቆ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዘ ወተት ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። የታሸገ የዕፅዋት ወተት ካልተከፈተ ለወራት ይቀመጣል፤ በረዶም ፍሪጅም አይጠይቅም። ወተት የማይስማማውም ሰው ብዙ ነው። ከሕፃንነት በኋላ የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ ማዋሃድ መቻል በምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘንድ በዘር የተላለፈ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2007 በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። አርብቶ አደር ካልሆነው ሕዝብ ብዙው ግን ጥሬ ወተት ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል። እንዲህ ላለው ሰው እርጎ ወይም ሶማሌዎች «ሱሳክ» የሚሉት የረጋ የግመል ወተት ይሻለዋል፤ ሲብላላ ላክቶሱ ይቀንሳልና። እሱም ካልተስማማው ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ደህና ምትክ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. የ2020–2025 የአመጋገብ መመሪያም ከዕፅዋት ወተቶች ሁሉ ከወተት ምድብ ያስገባው የበለጸገውን የአኩሪ አተር ወተት ብቻ ነበር።

ሕፃን ያለበት ቤት

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ከሌላ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ጡት መቀጠል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ይህ ነው። ማንኛውም የዕፅዋት ወተት፣ የሩዝም ይሁን የአልሞንድ ወይም የአጃ፣ የእናትን ጡት ወይም ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀን ወተት አይተካም። የሩዝ ወተት ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። ሩዝ ከውሃና ከአፈር አርሴኒክ የሚባል መርዝ ስለሚስብ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሩዝ ወተት እንዳይሰጣቸው ይመክራል። አንድ ሱቅ ለትንሽ ልጅ የሩዝ ወተት ሲሸጥ ካያችሁ ይህን ንገሩት። ሸቀጡን ያስገባችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ለባለሱቁ መጀመሪያውኑ ንገሩት።

አካባቢን በተመለከተ የሚባለውና የማይባለው

ከውጭ ገዢዎችም ሆነ በየስብሰባው «ከብት አየሩን አበላሸ» ሲባል ሰምታችኋል። ንግግሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይበጃል። በብዛት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የፑርና የኔሜቼክ ጥናት ነው። በ119 አገሮች ከ38,000 በላይ እርሻዎችን መረጃ ሰብስቦ አማካይ አወጣ። በዚህ አማካይ አንድ ሊትር የላም ወተት ከ3 ኪሎ ጥቂት የሚያልፍ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ ጋዝ ያስወጣል፣ 9 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ይይዛል፣ 628 ሊትር ውሃ ይወስዳል። የአኩሪ አተር ወተት 1 ኪሎ የማይሞላ ጋዝ፣ ከ1 ካሬ ሜትር ያነሰ መሬትና 28 ሊትር ውሃ ነው። አጃ ለአኩሪ አተር ይቀርባል፤ ውሃው 48 ሊትር ነው። አልሞንድ በጋዝ ከሁሉም ያንሳል፣ 0.7 ኪሎ፤ ውሃው ግን 371 ሊትር ነው። ሩዝ 1.2 ኪሎ ያህል ጋዝና 270 ሊትር ውሃ። በሩዝ ማሳ ውስጥ የተኛው ውሃ ልክ እንደ ከብት ሆድ ሚቴን ያመነጫል።

በሊትር ሲታይ እንግዲህ ላም በሁሉም ተሸንፋለች። ይህን መካድ አያዋጣም። የሚያመሰኳ እንስሳ ሚቴን ያገሳል፣ ሚቴንም ኃይለኛ ጋዝ ነው።

ነገር ግን ነጋዴ በሊትር ብቻ አይገዛም፤ ውስጡን ያያል። ቀደም ሲል ያደረግነውን የፕሮቲን ሒሳብ እዚህም እናስገባው። 33 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት ላም 3 ኪሎ ከጥቂት ጋዝ ታስወጣለች። አኩሪ አተር 1 ኪሎ ከ100 ግራም ያህል፤ አሁንም አሸናፊ ነው። አጃ ግን 3 ኪሎ ይደርሳል፤ ከላም ጋር ተካከለ። አልሞንድ 4 ኪሎ ተኩል ያልፋል፣ ውሃውም ወደ 2,450 ሊትር ያሻቅባል። ሩዝ 13 ኪሎ። አልሞንድን ለፕሮቲን ብሎ የሚጠጣ የለምና ይህም ሙሉ ፍርድ አይደለም። ብቻ «የዕፅዋት» የሚለው ቃል ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንደማይከት ያሳያል። የዓለም አልሞንድ አምስት እጅ ቢደረግ አራቱ እጅ የሚመጣው ከካሊፎርኒያ ነው፤ እዚያም ድርቅ አለ፣ የመስኖ ጭቅጭቅ አለ።

የእኛ ግጦሽ ከዚህ ሒሳብ የት ይገባል?

አማካይ ማለት አማካይ ነው። ከእኛ አንጻር ሁለት ነገር ይሸፍናል፤ አንዱ ይጎዳናል፣ አንዱ ይጠቅመናል።

የሚጎዳን ይህ ነው። የአገራችን ላም በቀን አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ታልባ፣ ዓመቱን ሙሉ ግን እንደማንኛዋም ላም ትበላለች፣ ታገሳለች። ጋዙ ለጥቂት ሊትር ሲካፈል የእያንዳንዱ ሊትር ድርሻ ከዓለም አማካይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥጃ የማትሰጥ፣ የማትታለብ፣ የማትሸጥ ላም ስትበዛ ደግሞ ድርሻው ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ሰው «የእናንተ ወተት በሊትር ከደች ላም ይብሳል» ቢላችሁ ቁጥሩ ልክ ነው።

የሚጠቅመን ደግሞ መሬቱና ውሃው ነው። በጥናቱ ውስጥ የተቆጠረው ውሃ በዋናነት ከወንዝና ከጉድጓድ ተስቦ ለመኖ መስኖ የሚውል ነው። የቦረና ከብት ከኤላ፣ የሶማሌ ግመል ከበርካ የሚጠጣው ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ሳሩና ቁጥቋጦው የበቀለው በዝናብ ነው። መሬቱንም ብናይ፣ አኩሪ አተር በፓዌና በጅማ በኩል ይበቅላል፣ አጃ በአርሲና በሰሜን ሸዋ ደጋ። ዓመቱን ሙሉ 300 ሚሊ ሜትር ዝናብ በማያገኝ የኦጋዴን ሜዳ ላይ ግን ሁለቱም አይበቅሉም። ያንን መሬት ወደ ምግብ የሚለውጠው የእንስሳ አፍ ነው፤ ከእንስሳም ግመል ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስዊዘርላንድ ውስጥ በተደረገ ልኬት ግመል ከሰውነቷ ክብደት አንጻር ከላም ያነሰ ሚቴን ታስወጣለች፤ ምክንያቱ የምትበላው ጥቂት ስለሆነ ነው። ለበላችው መኖ ሲካፈል ግን ከላም እምብዛም አትለይም። ትልቁ ብልጫዋ ሌላ ቦታ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ላሞች ቀድመው ደረቁ፣ ቀድመውም ወደቁ። ግመል ግን ሳትጠጣ ቀናት ቆይታም ትታለባለች፣ አንዴ ከወለደች ደግሞ ዓመትና ከዚያ በላይ ወተት ትሰጣለች።

ፋጉሎ የሁለቱም ዘመድ ነው

ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ነገር አለ። ከአኩሪ አተር ወተት ወይም ዘይት ከወጣ በኋላ የሚቀረው አተላና ፋጉሎ የከብት መኖ ነው። አዳማና ሞጆ አካባቢ በሬ የሚያደልቡ ሰዎች የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ፍለጋ እንዴት እንደሚንከራተቱ ታውቃላችሁ። የአኩሪ አተር ማቀነባበሪያ ሲበዛ መኖውም ይበዛል፤ ፋብሪካው ጠላት አይደለም።

ፋጉሎ ስትገዙ ግን ሻጋታውን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአዲስ አበባ ዙሪያ ጥናት ወተት ውስጥ ለተገኘው አፍላቶክሲን ዋና ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አሳይቷል። ላሟ የበላችው ሻጋታ በወተቷ ይወጣል። ከሻገተ ኦቾሎኒ የተሠራ የዕፅዋት ወተትም ያው ጣጣ አለበት። እርጥበት በነካው ጭነት ላይ ዋጋ ተደራድሮ ማስቀነስ ብልሃት አይደለም፤ መተው ነው የሚሻለው።

ገበያው በእውነት ይሻማናል?

አዲስ አበባ ካፌ ገብታችሁ በሁዳዴ ማኪያቶ ብታዙ በአኩሪ አተር ወተት የተሠራ የጾም ማኪያቶ ሊመጣላችሁ ይችላል። በሁዳዴ 55 ቀናትና በየረቡዕ ዓርቡ የላም ወተት ገዢ አጥቶ እንደሚያድር፣ የበሬ ገበያም እንደሚቀዘቅዝ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የዕፅዋት ወተት ከተማ ውስጥ የሚሸጠው በአብዛኛው ያን ጊዜ ነው፤ ቀድሞውኑ የእኛ ወተት በማይሸጥበት ቀን። ከጅግጅጋ በቶጎ ጫሌ አድርጎ ሐርጌሳ የሚገባውንም ሆነ ከኢሲዮሎ ተነስቶ ናይሮቢ ኢስትሊ የሚደርሰውን የግመል ወተት አኩሪ አተር አላስወጣውም። በእኔ ግምት የሚያሰጋው ተቀናቃኝ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የዱቄት ወተት ነው። እሱ የእንስሳ ወተት ስለሆነ ጣዕሙም ጥቅሙም ይቀርባል፣ ርካሽም ነው።

ካርቶን ስትገዙ

ከፊት ያለውን ስዕል ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ከጥቂት ነገሮች በቀር የዕፅዋት ውጤት «ወተት» ተብሎ እንዳይሸጥ ስለወሰነ ከአውሮፓ የመጣው «የአጃ መጠጥ» ይላል። ከሌላ አገር የመጣው ግን «ወተት» ሊል ይችላል። ጀርባው ላይ በ100 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም ፕሮቲን እንዳለ ተጽፏል፤ 3 አካባቢ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የእንስሳ ነው ወይ አኩሪ አተር፣ 1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለልጅ ወተት ምትክ አይሆንም። ከዚያ ካልሲየምና ቢ12 ተጨምሮ እንደሆነ እዩ፤ «ኦርጋኒክ» የሚሉት አንዳንዶቹ ምንም አይጨምሩበትም። ስኳሩ ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ሁለተኛ ሆኖ ከተጻፈ ለስላሳ እየገዛችሁ ነው።

በሶማሌ ክልል በሊበንና በሺኒሌ የተደረገ «ወተት ዋጋ አለው» ሊባል የሚችል ጥናት ነበር። በደረቁ ወቅት ጥቂት የሚታለቡ እንስሳት መንደር ቀርተው መኖ ሲቀርብላቸው ልጆቹ ወተት ማግኘታቸው አልተቋረጠም፣ ክብደታቸውም እንደሌሎቹ ልጆች አልወረደም። መኖውን እዚያ የሚያደርሰው ነጋዴ ነው። ወላዷን ግመል በርካሽ ከመግዛት ድርቆሽና ፋጉሎ ጭኖ ሄዶ መሸጥ አንዳንዴ የተሻለ ትርፍ ያመጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ግመሏ እዚያው ናት፣ ዋጋዋም ተነስቷል፣ የደንበኛው ቤትም ቆሟል።

ሞያሌ ያጫወተኝ ነጋዴ አሁን የምትታለብ ግመል ሲገዛ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል አለኝ፦ «ቤት ሌላ የምትታለብ ቀርታለች?» የለችም ካሉት ወንዱን ወይም መካኗን አውጡልኝ ይላል። ደላላው ይስቅበታል። ባለፈው ወር ግን ያው ደላላ ሦስት ወንድ ግመል አምጥቶለታል።